አንዲት ቀርታለች

ውድ ጋሼ፣

ደብዳቤ ስጽፍልህ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። በአንድ ቤት አድገን፣ በአንድ ቢሮ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ስንሠራ የምን ደብዳቤ ያስፈልገን ነበር? የምትነግረኝ ነገር ሲኖርህ ወንበርህን ታሽከረክርና በእርሳስ ጫፍ ጀርባዬን ትወጋኛለህ፤ እኔ «አትንካኝ አልኩህ እኮ!» እላለሁ፤ በቃ፣ ወሬው ይጀመራል። አሁን የሚወጋኝ የለም። ዝናብ ሲጥል ግን አንዳንዴ ሊወጋኝ ነው ብዬ ትከሻዬን ሰብሰብ አደርጋለሁ።

የምጽፍልህ ያንተ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ረፋዱ ላይ። ከእኛ በቀር ሕንፃው ውስጥ ሰው የለም። እኛ የምልህ እኔና እማዬ ነን። እሷ የኔ ወንበር ላይ ጃንጥላዋን ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች፤ ለምን እንደመጣች ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ይሄን ልበል፦ ከሞትክ ስምንት ወር ሆነ፤ ስምንት ወር ሙሉ ሰው ስላንተ የሚያወራው ውሸት ነው። ውሸቱ ላይ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። እያወቅኩ አልነበረም። ባላውቅስ ላንተ ምን ይረባሃል?

ጡቦቹን ታስታውሳቸዋለህ? እማዬ የጓሮውን አጥር ስታሳጥር ግንበኛው ቀረና አንተ «እኛ እንሠራዋለን» አልክ። አንተ አሥራ አራት፣ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ። እኔ መሰላሉ ላይ፣ አንተ ከታች። አንድ አንድ ጡብ ትወረውርልኛለህ፤ እኔ ቀልቤ ሳንቃው ላይ እደረድራለሁ። እንዳይምታታብን ቁጥር ጥሪ አልከኝ። እኔም እንደገባኝ የያዝኩትን ጠራሁ። ሰባተኛዋን ቀለብኩና «ሰባት!» ብዬ ጮህኩ። አንተ ግን የሰማኸው «ሰባተኛዋን ላካት፣ እየጠበቅኩ ነው» ብዬ ነው። እጄ ሙሉ ሳለ ሌላ ወረወርክ፤ ጡቧ መሰላሉን ነክታ ተመለሰችና የቀኝ እግርህ አውራ ጣት ላይ አረፈች። ጥፍርህ ከዚያን ቀን ወዲያ ቀጥ ብሎ በቅሎ አያውቅም።

በአንድ እግርህ እየዘለልክ «የያዝሽውን ሳይሆን የምትፈልጊውን ተናገሪ!» ስትል፣ እኔ ከላይ ሆኜ «የያዝኩትን ካልነገርኩህ በምን ታውቃለህ?» ስል፣ እማዬ ወጥታ ሁለታችንንም ሰደበችን። ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ ችግሩ አስቀድመን አለመስማማታችን ብቻ ነበር። ይሄ ጭቅጭቅ ሃያ ዓመት ጠብቆ ቢሮ ድረስ ይከተለናል ብሎ ማን ያስባል?

መሥሪያ ቤታችን የወንዝ ከፍታ መለኪያ ነው፤ ከላይኛውና ከታችኛው ጣቢያ ጋር የሚያገናኘን አንድ ደካማ ሬዲዮ ብቻ ነው። ስልክ እዚያ አይሠራም። ሬዲዮው ጠባብ ስለሆነ የምንልከውን ሁሉ ከታትፎ፣ ቁጥር እየሰጠ፣ በትናንሽ ፓኬት ይልካል። ከወዲያ ያለው ተቀባይ ደግሞ በቁጥር ይመልሳል። መልሱን እኛ «ደርሶኛል» ነው የምንለው። ዝናብ ሲጥል ስንቱ እንደሚጠፋ ለማወቅ በየጊዜው ጣቢያ ድረስ መሄድ ስለማይቻል፣ አንተ ያንን ሲሙሌተር፣ ጣቢያውን የሚያስመስል ፕሮግራም፣ ሠራህ። ላኪ፣ ተቀባይ፣ መሐል ላይ ዝናብ፤ ሁሉም አንድ ማሽን ውስጥ። ስሙን «አስመሳዩ» ብለህ አወጣህለት።

መጀመሪያ ያሳየኸኝ ቀን ፓኬቶቹን ከፍቼ ማየት ፈልጌ ነበር። «ውስጣቸው ምን አለ?» አልኩህ።

«ምንም። ቁጥርና መጠን ብቻ ነው ያላቸው።»

«ታዲያ ተቀባዩ ምን ያነባል?»

«እሱማ ጉድጓድ ነው። የመጣለትን ይውጣል፣ ቁጥሩን ይናገራል። ልክ እንደ አለቃችን፣ ሳያነብ ደርሶኛል ይላል።» አለቃችን በሩ ላይ ቆመው ነበር። አንተ ፊትህ ቲማቲም ሲመስል እኔ ጠረጴዛ ስር ገብቼ ስስቅ፣ እሳቸው መነጽራቸውን ጠርገው ሄዱ።

አቆጣጠሩን ስትሠራ ግን ሆን ብለህ ነካካኸኝ። እውነተኛው ተቀባይ፣ ጣቢያው ላይ ያለው፣ የሚጠራው ቁጥር የሚጠብቀውን ነው። ስድስት ይዞ ከሆነ «ሰባት» ይላል፤ ሰባተኛዋን ላኩልኝ ማለቱ ነው። ይሄ ያንተ አቆጣጠር ነው። አስመሳዩ ውስጥ ያለውን ተቀባይ ግን ገለበጥከው፤ ሰባት ሲል ሰባተኛዋን ይዣለሁ ማለቱ ነው። «ይሄኛው አንቺ ነሽ ሚጢጢ፣ መሰላል ላይ ያለሽው» አልከኝ። ከዚያ እኔን ስለምታውቀኝ ቁራጭ ወረቀት ስክሪኔ ጠርዝ ላይ ለጠፍክ፦ «አስመሳዩ የያዘውን ይናገራል። እውነተኛው የሚጠብቀውን። እንዳትረሺ!» ከወር በኋላ ማጣበቂያው ለቀቀና ወደቀች። አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት። እኔ እረሳለሁ? አልኩ።

አንተ «እውነተኛውን አይቼ ልምጣ» ብለህ ወደ ላይኛው ጣቢያ ከሄድክ በኋላ ለሦስት ወር ከአስመሳዩ ጋር ብቻ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ እሱን ሳይ እውላለሁ። መቶ ፓኬት እልካለሁ፣ መቶ ይላል፣ እዘጋለሁ። ሁለት መቶ እልካለሁ፣ ሁለት መቶ ይላል፣ እዘጋለሁ። ዓይኔ ለመደው።

የዚያን ቀን ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ላንተ አንድ ሰንጠረዥ እየላክኩ ነበር፤ እውነተኛውን ሬዲዮ በሦስት ወር ውስጥ ስነካ የመጀመሪያዬ ነው። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። አለቃችን ሮጠው ገቡ፤ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። «የላይኛው ግድብ በር ሊከፈት ነው፤ ወንድምሽ ከዚያ ይውጣ!» አሉኝ። ሰንጠረዡ መሄድ ጀምሯል፣ ላቋርጠው ብል ከዜሮ መነሳት ይሆናል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን መጨረሻው ላይ ቀጠልኩት። ሁሉም ሲቆጠር 217 ፓኬት ሆነ። ማስጠንቀቂያዋ የመጨረሻዋ ናት፣ 217ኛዋ። ያንተ ማሽን ደግሞ ሁሉም ተሟልቶ ሳይገባ ጽሑፉን አያሳይህም።

ቁጥሩ ዘጠና፣ መቶ ሃምሳ፣ ሁለት መቶ እያለ መጣ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ አየዋለሁ። ከዚያ 217 አለ። ቆመ። ከአሥር ሰከንድ በኋላ እንደገና 217። ደግሞ 217። ጣቢያው የመጨረሻ ቁጥሩን በየአሥር ሰከንዱ እንዲደግም ያደረግከው አንተው ነህ። እኔ ግን ምን አልኩ መሰለህ? «ሰማሁ እኮ ጋሼ፣ ደርሶሃል፣ ምን ትለፈልፋለህ!» አልኩ። ስቄም ነበር። አለቃችን «እህስ?» ሲሉኝ «ደርሶታል» አልኳቸው። የታችኛው ጣቢያም መስማት ነበረበት፣ ሬዲዮው ደግሞ አንድ ነው፤ ያንተን መስመር ዘጋሁት። ላኪው ያቺን የጠፋች ፓኬት ራሱ ሊደግምልህ ተራውን እየጠበቀ ነበር። እኔ ነኝ የዘጋሁት፣ ጋሼ።

ውሃው የመጣው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። አንተን አልመለሰህም።

አጣሪዎች መጥተው ሲጠይቁኝ ያየሁትን ነገርኳቸው። እነሱም ጻፉ፦ ማስጠንቀቂያው ለባለሙያው ደርሷል፤ ባለሙያው ግን ጣቢያውን ለቆ አልወጣም። ከሥሩ ፊርማዬ አለ። ከተማው ውስጥ የሚያውቅህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ማውራት ያዘ፤ ግትር ነበር፣ አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ ሞቱን ፈልጎ ነው አሉ። እማዬ ሁለቱንም ሰማች። «ደርሶት፣ አንብቦ፣ ተቀምጦ ቀረ?» ትለኛለች ሳህን እያጠበች። «እኔን አላሰበኝም? አንድ ቀን እንኳ ልቡ አልራራልኝም?» ከዚያ በሩ አጠገብ ከሚስማሩ ላይ የቤት ቁልፍህን አውርዳ የት እንዳደረገችው አላውቅም። ስምህን መጥራትም ተወች። አሟሟትህ ሳይሆን ይሄ ነበር የሚያቃጥለኝ፤ ሙት ላይ መቀየሟ።

ወደ ሥራ በተመለስኩ በሦስተኛው ወር አስመሳዩን ከፈትኩት። ታውቃታለህ፣ ሁልጊዜ የምንጀምርባትን ቀላሏን ሙከራ፤ አንድ ላኪ፣ አንድ ተቀባይ፣ መቶ ፓኬት፣ ዝናብ የለም። ስንት መቶ ጊዜ ሠርተናታል! ሁልጊዜ መቶ ብላ ታልቃለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ መጣ። ስልሳ ላይ ሲደርስ 217 አለ።

ዓይኔን አሸሁ። ቀጥሎ ያለው መስመርም 217 ነው። ቀጥሎም። የተላከው ስልሳ፣ በጠቅላላው ያለው መቶ፤ እሱ 217 ይላል። በመስመሮቹ መካከል ያለውን ጊዜ አየሁ፣ በአስመሳዩ ሰዓት በትክክል አሥር አሥር ሰከንድ ነው። አስመሳዩ ውስጥ እንዲህ አድርግ የሚል ትእዛዝ የለም። ከላይ እስከ ታች፣ መስመር በመስመር ፈለግኩ። የለም።

ባለሹራቡን ጠራሁት፤ በጋም ክረምትም ያንን ቡናማ ሹራቡን የማያወልቀውን የሥራ ባልደረባችንን። ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀ። «ያልተላከለትን ደርሶኛል ይላል እንዴ? ምን ዓይነት ቀጣፊ ተቀባይ ነው!» አለ። ኮዱን ወስዶ በራሱ ማሽን ሞከረው። ከኋላው ቆሜ ጠበቅኩ። ስልሳ ላይ ሲደርስ ሳቁ ተቋረጠ። ቀስ ብሎ ማሽኑን አጠፋና «ይሄን ነገር ባትነካኪው ይሻላል» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ሻይ ክፍሉ ሲሄድ በጠረጴዛህ በኩል አያልፍም፤ በዚያኛው ዞሮ ነው የሚሄደው።

እኔ ግን ታውቀኛለህ፣ አትንኪ የተባልኩትን ካልነካሁ አልተኛም። አንድ ዓርብ ከሰዓት ሙከራውን አስቁሜ፣ ማሽኑን አጥፍቼ፣ ገመዱን ራሱ ከግድግዳው ነቅዬ ሄድኩ። ሰኞ ጠዋት መልሼ ስሰካው የውጤቱ ፋይል ረዝሟል። 217፣ 217፣ 217፣ ገጽ በገጽ። በአስመሳዩ ሰዓት ሁለት ቀን ከግማሽ አልፏል። ወንበሬን ወደ ኋላ ስገፋ ያንተን ወንበር ነካሁና ጮህኩ።

ያኔም አልገባኝም። እኔ እንደ ባለሹራቡ ነበር የማነበው፣ «217ን ይዣለሁ» ይላል ብዬ። ሊወቅሰኝ ይሆን፣ ሊያጽናናኝ ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ወራት አለፉ።

ባለፈው ሰኞ የላይኛው ጣቢያ ዘበኛ መጡ። ሽማግሌው፣ «የጣቢያው አባት» እያልክ የምታወራልኝ ሰውዬ። የዝናብ ልብስህን አምጥተውልኝ ነው፤ ኮረብታው ላይ ለእሳቸው አልብሰሃቸው ስለነበር ተረፈ። በጋዜጣ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈውት ነበር። ሻይ ሰጠኋቸው። አልጠጡም።

«አጣሪዎቹ እኔን የጠየቁኝ ውሃው ስንት ሰዓት መጣ ብለው ብቻ ነው» አሉኝ። «ሌላውን ማንም አልጠየቀኝም፣ ልጄ።»

«ሌላው ምንድን ነው፣ አባባ?»

«አንቴናው ዘሞ ነበርና ላቃናው ኮረብታው ላይ ልወጣ ስል፣ የወንዙ ድምፅ ደስ አላለኝም። ና አብረን እንውጣ አልኩት። የዝናብ ልብሱን አለበሰኝና 'ይቅደሙኝ' አለ። 'ከእህቴ መልእክት እየገባ ነው። አንዲት ቀርታለች። እሷን ልቀበልና መጣሁ' አለኝ።» የሻይ ብርጭቋቸውን አሽከረከሩት። «ከላይ ሆኜ ሦስቴ ተጣራሁ። በመስኮቱ እጁን አወጣና አንዲት ጣቱን አሳየኝ። አንዲት ማለቱ ነው።»

ምን ብዬ እንደሸኘኋቸው አላስታውስም። መሳቢያውን ጎትቼ ወረቀትህን አወጣሁ። «እውነተኛው የሚጠብቀውን።» 216 ይዘህ 217ን ስትለምነኝ ነበር። በየአሥር ሰከንዱ። እኔም መሰላሉ ላይ እንዳለችው ልጅ በራሴ አቆጣጠር ሰምቼ «ደርሶታል» አልኩ። ሁሉም ደርሶህ ቢሆን ኖሮ 218 ነበር የምትለው። አንተ ግትር አልነበርክም። የሞትከው የኔን መልእክት ስትጠብቅ ነው።

በማግስቱ ሁሉንም ጽፌ፣ ፈርሜ፣ አለቃችን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። «ፋይሉ እኮ ተዘግቷል ልጄ» አሉኝ። «ይከፈታ!» አልኳቸው። ተቀመጡና ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲያነቡ አየኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እከፍተዋለሁ» አሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው።

ለእማዬ መንገሩ ግን ይከብድ ነበር። ለእሷ የነገርኳት በጡቦቹ ነው፤ ሌላ የማስረዳት መንገድ አላገኘሁም። ሁሉንም ሰማች። እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «እንግዲያው አልጨከነብኝም» አለች። ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም፤ ይገባኛል፣ አልከፋኝም። ማታ ግን ስገባ ቁልፍህ ሚስማሩ ላይ ተመልሶ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ለባብሳ፣ ጃንጥላዋን ይዛ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቆመች። «ያ ማሽን አሁንም 217 ይላል አላልሽኝም?»

«ይላል እማዬ። ማሽን ነው እኮ።»

«ይሁና! እየጠበቀ ነው አይደለም እንዴ? ምን ታስጠብቂዋለሽ፣ ላኪለታ!»

የአስመሳዩ ፓኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ምንም አይጫንበትም፣ ተቀባዩም ጉድጓድ ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። «አንቺ ጻፊ፣ ጻፊና ላኪ» አለች፤ ይኸው መጣን። ይሄን ደብዳቤ እንደጨረስኩ ፊደሎቹን እቆጥራለሁ። አንዲት ፓኬት እሠራለሁ፣ ቁጥሯ 217፣ መጠኗ የዚህ ደብዳቤ ልክ። ከዚህ በላይ ማድረግ የምችለው የለም።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያዋ ይቺት፣ በስምንት ወር ዘግይታ፦ የላይኛው ግድብ በር ይከፈታል። ዕቃ አትሰብስብ። አሁኑኑ ወደ ኮረብታው ውጣ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ እሱን አንተ ታውቃለህ። በጣም ነው የናፈቅከኝ። እማዬ አልተቀየመችህም።

ቁጥር ስትጠራ የተሳሳተችብህ ታናሽህ፣
ሚጢጢ

ፈርሜ ጨርሼ ነበር። አሁን የምጨምረው ከላክኩት በኋላ ነው።

ፓኬቷ ሄደች። 217ቶቹ ቆሙ። አሥር ሰከንድ አለፈ፣ ሃያ አለፈ፣ ስክሪኑ ዝም። ተቀባዩ በኔ አቆጣጠር ነው የተሠራው፤ ከደረሰው አንድ ጊዜ 217 ብሎ መዝጋት ነበረበት። ከዚያ አንድ መስመር ወጣ።

218።

ኮዱን ከፍቼ አየሁት። ማንም አልነካውም፤ አሁንም እንደ ሠራኸው፣ በኔ አቆጣጠር ነው ያለው። በኔ አቆጣጠር ደግሞ 218 የሚባል ነገር የለም፤ አልላክኩም። ከአሥር ሰከንድ በኋላ እንደገና 218። ያንተ አቆጣጠር ነው።

«ምን አለ?» አለችኝ እማዬ።

«ደርሶታል» አልኳት። ለአጣሪዎቹ የነገርኳቸውን ያንኑ ቃል፤ ዛሬ ግን እውነት ነው።

ዓይኗን በመሐረቧ ጠረገች። ተነሳችና መስኮቱን አየች። «በይ ተነሺ እንሂድ፣ ዝናቡ ሊብስ ነው» አለችኝ። በሩ ድረስ ሄዳ ቆመችና ደግማ ጠራችኝ። ከዚያ ደግሞ ጠራችኝ።

ዓይኔን ከስክሪኑ ሳላነሳ አንዲት ጣቴን አሳየኋት።

«ቅደሚኝ እማዬ» አልኳት። «አንዲት ቀርታለች። እሷን ልላክና መጣሁ።»